ወደ ውስጥ የሚባል አዎ

ከሐኪሟ ጠረጴዛ፣ ከበሽተኛዋ ወንበር፣
መሐል ላይ ነው ቦታዬ፤ ሥራዬ ቃል ማሻገር።
ቂርያት ጋት፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ አሳንሰሩ በቆመበት፣
በጥር፣ በማለዳ፣ ዝናብ መስኮት በሚመታበት፣
እማማ ደጊቱ ገቡ፣ ዣንጥላቸው እያንጠባጠበ።

«ያምሻል?» አለች ሬጊና፣ ጎናቸውን በጣት ነክታ፤
በእኔ አፍ «ያምዎታል?» ሆነ፣ አንቱታዋ ከኪሴ ወጥታ።
ቃል አልወጣቸውም እማማ፤ ትንፋሽ ሳቡ ወደ ውስጥ፣
አጭር፣ ስል፣ እንደሚሰማ ጨርቅ በመቀስ ሲቆረጥ።
ሐኪሟ ብድግ ብላ ማዳመጫ ጀርባቸው ላይ ጣለች፤
«ከመቼ ጀምሮ ነው ትንፋሽ የሚያጥራት?» አለች፤
«ኦክስጅን» ብላ ጻፈች፤ «የሳንባ ፎቶ» ጨመረች።

«ዶክተር፣ ይቅርታ፣» አልኳት፣ «ሳንባቸው ምንም የለው፤
ትንፋሽ አይደለም ያጠራቸው፤ አዎ ነው የዋጡት ይኸው።»

«ወደ ውስጥ ነው የምትሉት?» አለች፤ ሞከረች፤ ትን አላት።
እማማ ጀርባዋን መታ መታ አርገው ሐኪሟን አከሟት።

ክረምቱ ወጣ። በፋሲካ ሰሞን ሬጊና ከእናቷ ጋር
በስልክ፣ በሩሲያኛ ታወራለች፣ ስለ ድንች ዋጋ ነገር፤
እናቷ አንዳች ጠየቀች፤ «ዳ» የሚባልበት ነበር፤
ሳበችው። አላወቀችም። እኔ ግን ሰማሁ ከበር።

ከዚያ ወዲያ ጆሮዬ ሥራ ያዘ፤ ሰላይ ሆነ፤
ፋርማሲስቱ ቡዛግሎ፣ ማዘዣ እያነበበ፣ አዎን ከአየር ዘገነ።
ከቡዛግሎ ወደ ሚስቱ፣ ከሚስቱ ወደ ፀጉር ቤት፣
ከፀጉር ቤት ወደ ረቡዕ ገበያ፣ ቲማቲም ወደሚጮህበት፤
«በአምስት ነው?» ስትለው አንዷ፣ ሻጩ ትንፋሽ ሳበ፤ ከረጢት ሰጣት በዚያው ቅጽበት።

የእህቴ ልጅ ኦሽራት ትናንት ለፈተና ካርታ ስትስል፣
«አጎቴ፣» አለች፣ «ሐሳብ እንዴት ነው ካገር አገር የሚዘል?»
መጽሐፏ መልሱን ያውቃል፦ ስደተኛ በጓዙ ይዞት፣
ወይ እንደ ጉንፋን፣ ጎረቤት ከጎረቤት ተጋብቶት፣
ወይ ከትልቅ ከተማ ቁልቁል፣ እንደ ውሃ ቦይ ተከፍቶለት።
ፍላጻዎቿ ሁሉ ቀይ፣ ሁሉም ከላይ ወደ ታች፤
«ሽቅብ የሚሄድስ?» አልኳት። «አልተማርንም» ብላ ላጲስ አነሣች።

ያን ጊዜ እርሳስ ወሰድኩ፤ ክሊኒኩ ላይ ነጥብ ጣልኩ፤
ከአንዲት አሮጊት ደረት እስከ ቲማቲሙ መስመር ሳልኩ።
«እስከ የት ይሄዳል?» አለች። አሽቀሎን ሳይደርስ ይከስማል፤
ባንክ ቤት «ፊርማህ ነው?» ላለችኝ ብስብላት፣ «ልብህን ያምሃል?»
ብላ ውሃ ቀዳችልኝ።
እዚሁም፣ ከተማችን ውስጥ፣ ያልገባበት ሕንፃ አለ፦
ማዘጋጃ ቤት፣ ሦስተኛ ፎቅ። እዚያ አዎ በየትኛውም በኩል አልተባለ።

ደግሞ የራሴን ልንገርሽ። ጎንደር ለለቅሶ ሄጄ፣ ታክሲ ውስጥ ስልክ ጀምሬ፣
ሾፌሩን «ቆይ» ለማለት አምስት ጣቴን ወደ ላይ ቋጥሬ
አሳየሁት፣ እንደዚህ አገር ሰው። ምግብ ቤት ደጅ ላይ አቆመ፤
«ራበዎ መሰል፣ ጋሼ» አለ፤ ስለ ረሃቤ አንጀቱ ታመመ።
አስተርጓሚ በመሐላችን አልነበረም።
በላሁ እንጂ ምን ላርግ።

ኦሽራት ሳቀች። «አሁን ገባሽ?» ብዬ ጆሮዬን ሰጠኋት።
«ኬን» አለች። ወደ ውጭ። ጥርት አድርጋ። ዝም ብዬ አየኋት።
ያ ትንፋሽ የሩሲያን ስልክ ይዞ፣ የማራኬሽን ልጅ አግብቶ፣ ገበያ ወጥቶ፣
የእኛን ደጃፍ ዘሎታል፤ አንድ ቀን እንኳ ሳያድር ገብቶ።

ፊቴን አየች መሰለኝ፤ ቀዩን ትታ እርሳሴን አነሣች፤
ከቲማቲም ሻጩ ወደ ቤታችን ነጠብጣብ መስመር አወረደች፤
«ይኼኛው ገና መንገድ ላይ ነው» አለች።